ከጋፋት መድፍ እስከ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ስለተደረገው ጉባኤ ብዙ ተጽፏል። ከደሴ በስተሰሜን፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በዚያ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተቀመጡ። ሊቃውንቱ ስለ ተዋሕዶና ስለ ሦስት ልደት ተከራከሩ፤ ፍርዱም ለተዋሕዶ ሆነ። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ተደረገ። መሐመድ አሊ ሚካኤል፣ አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። የወሎ ሙስሊም ሕዝብ ከዚያ በኋላ ያየው ግፍም የዚሁ ታሪክ አካል ነው።

ጉባኤው ሁልጊዜ የሚነሣው በሃይማኖትና በሥልጣን ነው፤ ተገቢም ነው። ግን ብዙም የማይጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ። ዐፄ ዮሐንስን በዚያ ሜዳ ላይ የበላይ ያደረጋቸው መድፍና ጠመንጃ የማን ሥራ ነበር?

መልሱ አጭር ነው። ዋናው ጉልበታቸው ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት ግን እዚያው ወሎ ውስጥ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ በኢትዮጵያ ምድር ቀልጦ የተሠራ መድፍ ነበር። በሁለቱ መካከል ባሉት ዐሥር ዓመታት አገሪቱ ሳታውጅ አንድ ምርጫ መረጠች፤ ብረትን ከመሥራት ይልቅ ማምጣትን። ኮምቦልቻ ውስጥ ቆርቆሮ የሚያመርት ፋብሪካ አንድ ዓመት አድጎ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ማሽኑን እንደሚያቆም መረዳት የፈለገ ሰው ከዚህ ምርጫ መጀመር አለበት።

◆ ጋፋት፦ እዚሁ ይሠራ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቋቋሙት ሥፍራ በዛሬ ቋንቋ የብረታ ብረት ፋብሪካ ነው። ባለሙያዎቹ ከስዊዘርላንድ የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የተላኩ እንደ ቴዎፊል ዋልድማየር ያሉ ሚስዮናውያን፣ ሞሪትዝ ሆል የተባለ ፖላንዳዊ፣ ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ከእነርሱ ሥር ሙያውን የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሚስዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ አቅልጡልኝ አሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ተሳካ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ በ1859 ዓ.ም. የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው የነሐስ መድፍ ነው። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ዘመን በዓለም ሁሉ ከተወራላት ከተማ ተወሰደ፤ ሴባስቶፖል።

ጋፋትን እንደ አንድ ድርጅት ብንመዝነው ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። ምርት ነበረው። ሙያ ከውጭ አምጥቶ ለአገር ልጅ ማስተላለፍም ጀምሮ ነበር። ግን ገዢው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ገንዘብ የሚያወጣለትም፣ የሚጠብቀውም፣ የሚያዝዘውም ያው አንድ ሰው ነው። ሠራተኞቹም ቢሆኑ ልሂድ ብሎ መሄድ የማይችሉ፣ ግማሽ እንግዳ ግማሽ እስረኛ ነበሩ።

በ1860 ዓ.ም. መባቻ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሡ። ያንን 7 ቶን ነሐስ በሠረገላ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ ዐለት እየፈለጡ መንገድ እያበጁ፣ የጅዳን ገደል ወርደው ወጥተው፣ የደላንታን ሜዳ አቋርጠው፣ በሽሎን ተሻግረው መጋቢት ላይ ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ጋፋት ያፈራቸው የውጭ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ፋብሪካውን የወረሰ፣ ምድጃውን እንደገና ያነደደ ንጉሥ አልተገኘም። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

◆ ዙላ፦ ይምጣ

ቴዎድሮስን የገጠመው ጦር ብረቱን ያመጣው በሌላ መንገድ ነው። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከምፅዋ በታች ዙላ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሠራው የመርከብ ማራገፊያ ነው። ቀጥሎ ከባሕሩ ወደ ውስጥ የሚገባ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ከባድ መሣሪያውን ተሸከሙ። ዘመቻው እንግሊዝን 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስወጣት። ቴዎድሮስ ስድስት ወር የደከሙበትን የማጓጓዝ ሥራ የእንግሊዝ ጦር በወደብ፣ በሐዲድና በገንዘብ ፈታው።

ናፒየር ሲመለስ መንገድ ለከፈቱለት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችን ሰጥቷቸው ሄደ። ካሣ በዚያ መሣሪያ ታግዘው በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ ላይ አሸነፉ፤ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ ደግሞ ብዙ ሺህ ሬሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ። ንጉሥ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ የገበሩት፣ ሁለት ወር ቆይቶም ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ይህ ሁሉ መሣሪያ ከኋላቸው ቆሞ ነው።

ምኒልክ ትምህርቱን ወሰዱ። የዝሆን ጥርስና ወርቅ እየላኩ በታጁራ፣ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ጠመንጃና መድፍ አስገቡ። በ1888 ዓ.ም. ወረ ኢሉ ላይ ተሰባስቦ ወደ አድዋ የዘመተው ጦር የያዘው መሣሪያ በአብዛኛው በዚህ መንገድ የገባ ነው። ድሉ የማይካድ ነው፤ መንገዱ እንደሚሠራም ያስመሰክራል። አገሩ ራሱን ያስከበረው በሚገባ በተገዛ ብረት ነው።

ችግሩ የታየው ሻጩ አልሸጥም ባለ ቀን ነው። ጣሊያን ሁለተኛውን ወረራ ስታዘጋጅ የአውሮፓ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ አልነበራትም። እኩል የተጣለው ክልከላ የጎዳው አንዱን ብቻ ሆነ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በፀረ አውሮፕላን መትረየስ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ዞሯል። መትረየሱ የስዊዘርላንዱ ኦርሊኮን ፋብሪካ ሥሪት ነበር።

◆ የተናቀው እጅ

ጋፋት ወራሽ ያጣው በነገሥታቱ ምርጫ ብቻ አይደለም። በአገሩ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ጦር የሠራው እሱ ነው። ያለ እሱ ገበሬ አያርስም። ያ ሰው ግን «ቀጥቃጭ» ተብሎ ይሰደባል፤ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፤ ልጁን ለልጁ የሚያጋባው፣ ርስት የሚያካፍለው አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ጥሩ ነበር፤ አዋጅ ማስፈለጉ ግን ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል።

በሌሎች አገሮች የመንደር ብረት ሠሪ ልጅ ወርክሾፕ ከፈተ፤ የልጅ ልጁ ፋብሪካ። በኢትዮጵያ ያ ሰንሰለት ተበጠሰ። ፋብሪካው ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የመጣው፣ ማሽኑም ጥሬ ዕቃውም ዕውቀቱም አብረው በመርከብ የገቡት በከፊል ለዚህ ነው።

◆ የሚወጣውና የሚገባው

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱ ብረት ስታስገባ ሌላ ማዕድን ደግሞ ታስወጣ ጀመር። አልቤርቶ ፕራሶ የተባለ ጣሊያናዊ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ፕላቲነም አገኘ፤ ፈቃድ ያለው ኩባንያም ተቋቋመ። ቀጥሎ የአዶላ ወርቅ መጣ። እዚያ ለረጅም ጊዜ ከቆፈሩት መካከል እስረኞች ይገኙበታል። በ1980ዎቹ መባቻ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደንቢ ወርቅ በመንግሥት ድርጅት መመረት ጀመረ፤ በ1989 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። የሃያ ዓመት ፈቃድም ተሰጠው።

የሚድሮክ ባለቤት ሼክ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱ፣ ወልድያ ያደጉ የሳዑዲ ዜጋ ናቸው። ለወሎ ሰው የሩቅ ባለሀብት አይደሉም። በዚያው በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በዚሁ ቡድን ሥር ኮምቦልቻ ላይ የብረት ውጤቶች ፋብሪካ ተተከለ፤ ሕዝቡ በአጭሩ ኮስፒ የሚለው።

ሁለቱን ድርጅቶች ጎን ለጎን ማየት ጠቃሚ ነው። ለገ ደንቢ ከመሬት ያወጣል፣ በዶላር ይሸጣል፤ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በአገሪቱ ብቸኛው ትልቅ የወርቅ ማዕድን ነበር፣ በዓመት ከሦስት ቶን በላይ የሚያወጣ። ኮምቦልቻ ጥቅል ብረት በዶላር ይገዛል፣ ቆርቆሮ አድርጎ በብር ይሸጣል። ለአንደኛው የዶላር መወደድ ትርፍ ነው፣ ለሁለተኛው ኪሳራ። በአንድ ባለቤት ጥላ ሥር ያሉት እነዚህ ሁለት ድርጅቶች የአገሪቱን ሒሳብ በትንሹ ያሳያሉ፤ የከበረውን ማዕድን ጥሬውን ሸጣ ጣሪያዋን የምትገዛ አገር።

ወሎ ራሱ የዚህ ሒሳብ ሌላ ምሳሌ አለው። በ2000 ዓ.ም. ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ተገኘ። ሴባስቶፖል የተጎተተባት ደላንታ ማለት ነው። ወጣቶች ገደል ላይ እየተንጠለጠሉ፣ ብዙዎች ዋሻ ተደርምሶባቸው እየሞቱ ድንጋዩን ያወጣሉ። አብዛኛው ግን የሚቆረጠውና የሚወለወለው ህንድ ውስጥ ነው። ዋጋው የሚጨምረው እዚያ ነው።

◆ ቆርቆሮ እንዴት ይሠራል፣ ለምን ይቆማል

ኮምቦልቻ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ ከሚወርደው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ ናት። የአሰብን መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲሠሩት ዓላማቸው ወደቡን ከመሐል አገር ማገናኘት ነበር። ደርግም የኮምቦልቻን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚያው ተከለ። ከወደብ ለሚመጣ ጥሬ ዕቃ ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ትቀርባለች፤ ለሰሜኑ ገበያም መግቢያ በር ናት። ቦሩ ሜዳን አቋርጦ ወደ ወልድያ የሚወጣው ብረት የጫነ መኪና የሚነሣው ከዚህ ስሌት ነው።

ገበያውም እውነተኛ ነው። በወሎ ገጠር ሰው ኑሮው ተሻሻለ የሚባለው ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ሲሸጋገር ነው። ቤት የሚለካው በስፋቱ ሳይሆን በክዳኑ ነው፤ የ40 ቆርቆሮ ቤት፣ የ60 ቆርቆሮ ቤት ይባላል። ዐረብ አገር ሄዳ የምትሠራ ልጅ ለወላጆቿ መጀመሪያ ከምታሠራው ነገር አንዱ የቆርቆሮ ቤት ነው። ስለዚህ የቆርቆሮ ዋጋ የፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ ስንት ዓመት በሰው አገር እንደምትቆይ የሚወስን ነገር ነው።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሳሳ ላሜራ በጥቅል ይመጣል። ይጸዳል፣ 450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በጋለ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ያልፋል፣ እንዳይዝግ ይለበጣል። ከዚያ በሞገደኛ መዳመጫ ውስጥ ገብቶ በርዝመቱ ይቆረጣል። ውፍረቱ በጌጅ ይሸጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ጌጁ ከባለ 32ቱ ይወፍራል፣ ይወደዳልም።

ከዚህ ሁሉ የአገር ውስጥ የሆነው ጉልበቱ፣ መብራቱና ማጓጓዣው ነው። የዋጋው ትልቁ ድርሻ ግን ብረቱና ዚንኩ ነው፤ ሁለቱም በዶላር ይገዛሉ። መብራትም ቢሆን ሲቋረጥ የቀለጠው ዚንክ መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ በገንዳው ውስጥ ከረጋ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ በብረት ሥራ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ የኤሌክትሪክ መቆራረጥና የወደብ መዘግየት ተራ እንቅፋቶች አይደሉም። የፋብሪካው ዕድገት ማለት እነሱ ናቸው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ። የኮምቦልቻ የቅርብ ወደብ በአንድ ወር ውስጥ ከካርታ ወጣ፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ፋብሪካው ያጠፋው ጥፋት አልነበረም። ማሽኑ ያው ማሽን፣ ሠራተኛው ያው ሠራተኛ ነው። የመጣው ለውጥ ሌሎች በወሰኑት ውሳኔ ነው፤ ልክ በ1927 ዓ.ም. ሌሎች አንሸጥም ሲሉ እንደሆነው።

በአገር ደረጃም ሥዕሉ ይኸው ነው። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲጀመር የአንድ ኢትዮጵያዊ ዓመታዊ የብረታ ብረት ፍጆታ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ዕቅዱ በአምስት ዓመት ከ34 ኪሎ በላይ ለማድረስ ነው። የዓለም አማካይ ከ200 ኪሎ በላይ ነው። የቆርቆሮ፣ የፌሮና የቱቦላሬ ፋብሪካዎች በየቦታው ተተከሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከአቅማቸው ግማሽ ሳይደርሱ ዓመታት አለፉ። የጎደለው ገዢ አይደለም፤ ዶላር ነው። አንዳንድ ባለ ፋብሪካዎች ዶላር ለማግኘት ሲሉ ቡናና ሰሊጥ በኪሳራ ወደ ውጭ እስከ መላክ ደረሱ። ብረት ሠሪው ሰሊጥ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው።

◆ ሁለተኛው ጋፋት

መንግሥት በበኩሉ ሌላ መፍትሔ ሞከረ። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል በመከላከያ መኮንኖች አመራር ተቋቋመ። ሐሳቡ የቴዎድሮስ ሐሳብ ነበር፤ እዚሁ ይሠራ። ከሥሩ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ጋፋት አርማመንት ይባል ነበር። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ፣ የስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ ማዳበሪያ ሁሉ ለእሱ ተሰጠ።

ሥራዎቹ ዘገዩ፤ በርካቶቹም አልተጠናቀቁም። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የግድቡ ውል ተነጠቀ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ዐቃቤ ሕግ ድርጅቱ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቀ፤ ኃላፊዎችም ታሰሩ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። «እዚሁ ይሠራል» ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት የተከሰሰው በውጭ ግዢ ነው።

ጋፋት አንድ ደንበኛ ብቻ ነበረው፤ ሜቴክም እንዲሁ። ደንበኛውም፣ ባለቤቱም፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት ነው። ሥራው ሲዘገይ ሌላ ዘንድ እሄዳለሁ የሚል ገዢ የለም። ዋጋው ሲወደድ አልገዛም የሚል የለም። ደንበኛው ፊቱን ሲያዞር ደግሞ የሚያተርፈው ሌላ ገበያ የለም።

በዚህ ረገድ የግሉ ድርጅት የተሻለ ቆመ። ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም. አል-አሙዲ ሪያድ ላይ ሲታሰሩ ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ድርጅቶቻቸው ይበተናሉ ብሎ ፈርቶ ነበር። እስከ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ አልተፈቱም፤ ድርጅቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ጋፋት ያላለፈውን ፈተና አለፉ። የለገ ደንቢ ወርቅ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የታገደው በባለቤቱ መታሰር አይደለም። የፈቃዱን መታደስ የተቃወሙ የጉጂ ነዋሪዎች በጤናቸውና በከብቶቻቸው ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው አደባባይ ስለወጡ ነው። ሥራው የተፈቀደው በ2013 ዓ.ም. ነው። ይህም ሌላ ትምህርት ነው፤ ባለቤቱ ከሌለ ድርጅት ሊቆይ ይችላል፣ ጎረቤቱ ካልፈቀደለት ግን አይቆይም።

◆ የማዕድን እጦት ምክንያት ይሆናል?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰበብ «የብረት ማዕድን አልወጣልንም» የሚል ነው። የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ይህን ሰበብ ያሳጣል። ፖስኮ የተባለው የብረት ኩባንያ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 1968 ነው፤ መቅደላ ከወደቀች ልክ መቶ ዓመት በኋላ። ኮሪያም እንደ ኢትዮጵያ ድሃ ነበረች። የሚበቃ የብረት ማዕድን አልነበራትም፤ ከአውስትራሊያ በመርከብ አስመጣች። የመነሻ ገንዘቡ በከፊል ጃፓን ለቅኝ ግዛት ዘመን በደል ከከፈለችው ነው። መሪው ፓክ ቴ ጁን የጦር መኮንን ነበሩ፤ እንደ ሜቴክ መሪዎች።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ነበር? ፖስኮ መንግሥት ያቋቋመው ቢሆንም በኩባንያ ሕግ ይተዳደር ነበር፤ ፓክ ቴ ጁን የማሽን ግዢውን ከፖለቲከኞች እጅ እንዲያወጡ ከፕሬዚዳንቱ የጽሑፍ ፈቃድ አገኙ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1973 ሲጠናቀቅ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ነበረው፤ በዚያው ዓመትም አተረፈ። ከሁሉ በላይ ብረቱ ወደ መርከብና መኪና ፋብሪካዎች ገባ፤ እነሱም ወደ ውጭ ሸጡ። ማዕድኑን የገዛው ዶላር በመርከብና በመኪና ተመልሶ መጣ።

ኮምቦልቻ ላይ የጎደለው ይህ መመለሻ ነው። ጥቅል ብረት ይገባል፣ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ቤት ላይ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ቤቱ ያስፈልጋል፤ ማንም ሊቃወመው አይገባም። ግን ጣሪያ ዶላር አያመጣም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ ሲልክ፣ አጠገቡ ያሉት የብረት ፋብሪካዎች ለዚያ ፓርክ መለዋወጫ፣ መደርደሪያ፣ የማሽን አካል ቢሠሩ ኖሮ ሰንሰለቱ ይጀመር ነበር። ሁለቱ በአንድ ከተማ ውስጥ እንደ ባዕድ ኖሩ።

◆ ሐዲዱ፣ ጦርነቱ፣ ምንዛሪው

ከዚያ ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሃራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ የተሠራው ለዚሁ ነበር፤ ከባድ ጭነት ከወደብ በርካሽ ለማምጣት። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ክፍል ዘረጋው። የኤሌክትሪክ ኃይል ግን አልደረሰለትም፤ ባቡር ሳይሄድበት ቀረ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከተሞቹ በኅዳር 27 ቀን ተመልሰው በመንግሥት ጦር እጅ ሲገቡ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸው ነበር። ለአዲሱ ባቡር የተዘረጋው መሣሪያም አልተረፈም። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ውጭ ሆኑ። ናፒየር መቅደላን ካቃጠለ ከ150 ዓመት በላይ በኋላ የወሎ ማሽን እንደገና የጦርነት ዕቃ ሆነ።

ሦስተኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የመጣው የምንዛሪ ለውጥ ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ወርቁ ከኮንትሮባንድ ወጥቶ ወደ ብሔራዊ ባንክ ጎረፈ፤ በ2017 የበጀት ዓመት ባንኩ የሰበሰበው ከ30 ቶን በላይ ነው። ለማዕድን አውጪው ታላቅ ዓመት ነበር። ብረት አስመጪው ግን ለዚያው ጥቅል እጥፍ ያህል ብር ያስፈልገው ጀመር፤ የባንክ ብድሩም በዚያው ልክ አደገ። ቆርቆሮ የሚገዛው ገበሬ የእህሉ ዋጋ በዚያው ልክ አላደገለትም።

◆ ታዲያ ዕድገት በምን ይለካ?

የብረት ኩባንያ ሪፖርት ሲያወጣ የሚነግረን በብር ስንት እንደሸጠ ነው። ብር በረከሰበት ዓመት ያ ቁጥር ሁልጊዜ ያድጋል። በቶን ስንት እንዳመረተ ቢነገረን ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጡት ግን ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። ከጥሬ ዕቃው ምን ያህሉ ከአገር ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የመጣ ነው? ማሽኑ ሲሰበር መለዋወጫውን የሚሠራ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ወይም ደሴ ቴክኒክና ሙያ ውስጥ አለ? ወደቡ ለሦስት ወር ቢዘጋ ፋብሪካው ስንት ሳምንት ይሠራል? ባለቤቱ፣ ሚኒስትሩ፣ ጄኔራሉ ነገ ቢቀየር ደንበኛው አብሮ ይጠፋል?

ጋፋትን በእነዚህ ጥያቄዎች ብንፈትነው ይወድቃል፤ ሜቴክም ይወድቃል። የዛሬዎቹ የቆርቆሮና የፌሮ ፋብሪካዎች በመጨረሻው ጥያቄ ያልፋሉ። ደንበኛቸው ሕዝብ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቀሩት ሦስቱ ግን ገና ናቸው።

ቴዎድሮስ እዚሁ ይሠራ ማለታቸው ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ሥራውን ከራሳቸው ዕድሜ ጋር ማሰራቸው ነው። ዮሐንስና ምኒልክም ይምጣ ማለታቸው ስህተት አልነበረም፤ ጊዜው አስገደዳቸው። ስህተቱ ከእነርሱ በኋላ የመጣነው ሁላችን ማምጣቱን እንደ መጨረሻ መልስ መቁጠራችን ነው። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ወደ 150 ዓመት ሊሞላ ነው። በዚያ ሜዳ በኩል ብረት ጭኖ የሚያልፈው መኪና ዛሬም ጭነቱን የሚያነሣው ከወደብ ነው። ከጭነቱ ግማሹ እንኳ ከአገር ውስጥ ምድጃ የሚነሣበት ቀን ሲመጣ ያኔ የኮምቦልቻ ፋብሪካ አደገ ማለት ይቻላል።